የአሮጌ ጀልባ ትሪም “ጠቅ” ብቻ ሲል፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን (የኔጋቲቩን መመለሻ) ለኩ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ፣ እሁድ አመሻሽ ላይ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ውለን ስንመለስ የጀልባዬ ትሪም (ድራይቩን፣ ማለትም ፕሮፔለሩን የያዘውን ክፍል፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው) ቀጥ አለ። ቨርጂኒያ ዉድብሪጅ ያለው ሌሲልቫኒያ ስቴት ፓርክ የጀልባ ማውጫው ጋ ነን። ከኋላዬ ጀልባቸውን ሊያወጡ የተሰለፉ ሰዎች አሉ። ሁለቱ ልጆቼ ላይፍ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ማንሻውን እጫናለሁ፣ “ጠቅ” ይላል። ደግሜ እጫናለሁ፣ “ጠቅ”። ድራይቩ ግን ንቅንቅ የለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያለቦታው ያወጣሁት ገንዘብም አለ። አሁን ግን ያንን ሲስተም ከባትሪው እስከ መጨረሻዋ ሽቦ አውቀዋለሁ። አሮጌ ጀልባ ገዝቶ ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥመው ሰው የእኔ ሦስት ሳምንት ወደ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያጥርለት ብዬ ነው የምጽፈው።

ጀልባ ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። የእኔ በ1989 የተሰራች፣ 19 ጫማ የምትረዝም ናት። ሞተሩ ውስጥ ነው፤ ፕሮፔለሩን የያዘው ድራይቭ ግን ከኋላ ውጭ የተንጠለጠለ ነው፣ ዓይነቱ ሜርክሩዘር አልፋ ዋን ይባላል። ትሪም የሚባለው ይህንን ድራይቭ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ነገር ነው። በ12 ቮልት የሚሰራ ትንሽ ሞተር ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሲሊንደሮች ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። ስትነሱ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፣ ካልሆነ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ይቆምና ፊታችሁን አታዩም። ፍጥነት ስትይዙ ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ቀለል ብላ ትሄዳለች። ጥልቀት የሌለው ውሃ ጋ ስትደርሱና ተሳቢ ላይ ስትጭኑ ግን እስከ ላይ ማንሳት ግድ ነው። ድራይቩ ዝቅ እንዳለ ጎትታችሁ ብታወጡ ከፕሮፔለሩ ስር ያለው ቀጭን ክንፍ ሲሚንቶው ላይ ይሰበራል።

ከተሰለፉት መሃል አንድ አዛውንት መጡ። ምንም ከመንካታቸው በፊት የሞተር ክዳኑን አስከፈቱኝና ብሎወሩን፣ ማለትም የሞተሩን ክፍል አየር የሚያስወጣውን ማራገቢያ፣ አስነስተው ጥቂት ደቂቃ አስጠበቁኝ። አጎንብሰው አሸተቱ። የቤንዚን ሽታ እንደሌለ ሲያረጋግጡ ከመኪናቸው ትንሽ የባትሪ ማስነሻ አመጡ። ቀዩን መቆንጠጫ ወደ ትሪም ሞተሩ በሚሄደው የማንሻ መስመር ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ እዚያው ፓምፑ ጋ ባለው ጥቁር ሽቦ ላይ አደረጉት። ድራይቩ እያጉረመረመ ተነሳ። “ሞተርህ አልሞተም፤ ኤሌክትሪኩ ነው የማይደርሰው” አሉኝ። አመስግኜ ጀልባዬን ጭኜ ሄድኩ። የነገሩኝ ነገር ግማሹ መልስ መሆኑ የገባኝ ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

በነጋታው አንድ ጥገና ቤት ደወልኩ። ጀልባዋን ሳያዩ በስልክ “እንደዚህ ካረጀ ፓምፑን ከነሞተሩ መቀየር ነው” አሉኝ። ከነእጅ ዋጋው ከ1,200 ዶላር በላይ። እሺ ልል ነበር። የከለከለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትናንት ማታ ይኸው ሞተር ዓይኔ እያየ ድራይቩን አንስቶታል። የሚሰራ ሞተር ለምን ይቀየራል?

እዚህ ጋ ግን እኔም ተሳሳትኩ። “ጠቅ” የሚለው ሶሌኖይዱ ነው። ሶሌኖይድ ማለት በእጃችሁ የምትጫኑት ትንሽ ቁልፍ ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚያስከፍተው ክፍል ነው። ፓምፑ ላይ ሁለት አሉ፣ አንዱ ለማንሳት አንዱ ለማውረድ። ሰው ሁሉ “ጠቅ ብሎ ካልሰራ ሶሌኖይዱ ነው” ይላል፣ እኔም ሁለቱንም ገዝቼ ቀየርኳቸው። ያው “ጠቅ”። ማሰብ የነበረብኝ ቀላል ነገር ነበር። ማንሻውም ማውረጃውም እኩል እምቢ ብለዋል። ሁለት ሶሌኖይድ በአንድ ቀን አብሮ አይሞትም። ሁለቱም እምቢ ሲሉ ጥፋቱ ሁለቱ የሚጋሩት ቦታ ላይ ነው፦ ባትሪው፣ ዋናው ቀይ ሽቦ፣ ትልቁ ፊውዝ፣ ሞተሩ ወይም ማሳው።

ማሳ ስል አገር ቤት መካኒኮች እንደሚሉት ነው፣ ኔጋቲቩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ። መኪና ላይ ቴላዮው ራሱ ብረት ስለሆነ ማሳ ይሆናል። ጀልባ ግን ፋይበር ነው። ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የመመለሻ ሽቦ ያስፈልገዋል፣ ያ ሽቦ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥበት ባለበት በጀልባው ሆድ ውስጥ ነው የሚያልፈው። 30 ዓመት እዚያ የተቀመጠ መዳብ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ወደ መለካቱ ከመግባቴ በፊት ስለ ጥንቃቄ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይበተንም፣ ጀልባው ሆድ ውስጥ ወርዶ ይተኛል። ሽቦ ስትነካኩ ብልጭታ አለ። ሁለቱ ከተገናኙ ጀልባው ይፈነዳል። ስለዚህ ክዳኑን ክፈቱ፣ ብሎወሩን ቢያንስ 4 ደቂቃ አስነሱ፣ አሽትቱ፣ ከዚያ ስሩ። ሽቦ የምትፈቱ ከሆነ ከባትሪው መጀመሪያ ኔጋቲቩን አንሱ። በተነሳ ድራይቭ ስር ደግሞ እጃችሁንም ራሳችሁንም አታስገቡ፤ ድራይቩ ከባድ ነው፣ የያዘው ዘይት ብቻ ነው፣ ዘይት ደግሞ ሊለቅ ይችላል። እኔ ሁልጊዜ ወፍራም እንጨት ደግፌ ነው የምሰራው። ሌላም አለ፦ ለቤንዚን ጀልባ የመኪና ሶሌኖይድ ረከሰ ብላችሁ አትግዙ። ቅርጹ አንድ ሊሆን ይችላል፣ የጀልባው ግን ውስጡ የሚፈጠረው ብልጭታ የውጭውን ተን እንዳያቀጣጥል ተብሎ የተሰራ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቤንዚን ጀልባ ሞተር ክፍል ይህ የሕግ ግዴታም ነው።

አሁን ወደ ቴስተሩ፣ ማለትም ወደ ቮልት መለኪያው። 20 ዶላር የማይሞላ ተራ ቴስተር ይበቃል። አንድ ሰው ቁልፉን እንዲጫንላችሁ ግን ያስፈልጋችኋል፤ የእኔ ረዳት የ11 ዓመት ልጄ ነበረች።

መጀመሪያ ባትሪው። ሳይነካ ያደረ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.0 ካሳየ ሊያልቅ የደረሰ ነው፣ መጀመሪያ ቻርጅ አድርጉት፣ በደከመ ባትሪ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ያሳስታል። የእኔ 12.6 ነበር። ቀጥሎ ፓምፑ ጋ ሄጄ ቀይ ወፍራም ሽቦው የሚገባበትን የሶሌኖይድ ቡሎን ለካሁ፣ 12.5። ትልቁ ፊውዝ፣ ፓምፑ ላይ የሚገኘው 110 አምፔር፣ ደህና ነው ማለት ነው። “ሁሉም ደህና ነው” ብዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ያጠፋሁት እዚህ ነጥብ ላይ ነው፣ ሶሌኖይዶቹንም የገዛሁት ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ ቆም ልበል።

ኤሌክትሪክ በማይፈስበት ጊዜ የሚለካ ቮልት የሽቦውን ጤንነት አይነግራችሁም። ቴስተር ለመለካት የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ወፍራም ሽቦ ውስጡ በስብሶ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ብትቀረው እንኳ ቴስተሩ 12.5 ብሎ ያሳያችኋል። የትሪም ሞተር ግን በአስሮች የሚቆጠር አምፔር ነው የሚጠይቀው። ያቺ ክር ያንን መሸከም አትችልም። ቧንቧ ላይ ውሃ ሳይከፈት ግፊቱ ሙሉ እንደሚመስለው ነው፤ ስትከፍቱት ነው ደለል የዘጋው መሆኑ የሚታወቀው። ስለዚህ መለካት ያለባችሁ ቁልፉ ተጭኖ ሞተሩ እየሰራ ወይም ለመስራት እየታገለ እያለ ነው።

ሁለተኛው ነገር የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ የት እንደሚቀመጥ ነው። እኔ ጥቁሩን ጫፍ በቀጥታ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አደረግኩ፣ ለዚህ ረጅም ሽቦ ቀጥያለሁ። ቀዩን ሶሌኖይዱ ወደ ሞተሩ በሚያስወጣው ቡሎን ላይ አድርጌ ልጄን “ተጫኚ” አልኳት። 12.1። ይህ ማለት ኤሌክትሪኩ ሶሌኖይዱን አልፎ ሞተሩ በር ደርሷል። ችግሩ ሶሌኖይዶቹ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ ቀዩን ጫፍ አንስቼ ከፓምፑ በሚወጣው ጥቁር ሽቦ ላይ አደረግኩት፣ ጥቁሩ እዛው ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ እንዳለ። ማሳን ከማሳ ጋር መለካት ማለት ነው። በጤነኛ ጀልባ እዚህ ጋ ዜሮ አካባቢ፣ ቢበዛ ከግማሽ ቮልት በታች መሆን አለበት። “ተጫኚ።” 9 ቮልት።

አላመንኩም፣ ደግሜ አስጫንኳት። 9 ቮልት።

ከ12 ቮልት 9ኙ በመመለሻው መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ለሞተሩ የተረፈው 3 ብቻ ነው፣ 3 ቮልት ደግሞ አያዞረውም። የአዛውንቱ መቆንጠጫ ለምን እንደሰራ ያን ጊዜ በራልኝ። ጥቁሩን ፓምፑ ጋ ሲያደርጉት ያንን የታመመ መንገድ ዘለውት ነበር። እንደ አዲስ ማሳ ሆነለት።

“ታዲያ በኦም፣ ማለትም የሽቦውን ተቃውሞ ለክተህ ለምን አላገኘኸውም?” ለሚል፦ 30 አምፔር እየሄደ 9 ቮልት የሚሰርቅ መጋጠሚያ ተቃውሞው 0.3 ኦም ብቻ ነው። የተራ ቴስተር ገመዶች ብቻቸውን ይህን ያህል ሊያሳዩ ይችላሉ። በኦም ብትለኩት “ደህና ነው” ብላችሁ ታልፉታላችሁ። አሮጌ ጀልባ ላይ ወፍራም ሽቦ በኦም አይመረመርም፣ ሥራ ላይ እያለ በቮልት ነው የሚመረመረው።

ሽቦውን በእጄ ተከትዬ ወረድኩ። ከፓምፑ ጀርባ ይገባል፣ በትልቁ የጀልባ ሞተር ስር ያልፋል፣ ከኋላ በኩል እዚያው ሞተር ብረት ላይ ካለ አንድ ቡሎን ጋር ከሌሎች አራት ሽቦዎች ጋር ታስሯል። ደጋግመን ስለተጫንነው መጋጠሚያው ሞቆ ነበር፣ በጣቴ ነው ያወቅኩት። ይህ ራሱ ምርመራ ነው። ቮልት የሚጠፋበት ቦታ ይሞቃል። ዳዶውን ፈትቼ ሽቦውን ሳብ ሳደርገው ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ተላቆ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ላስቲኩን ወደ ኋላ ስልጠው መዳቡ ጠቁሯል። ንጹህ ቀይ መዳብ እስካገኝ አንድ ስንዝር ቆረጥኩ፣ ቀሪው አላማረኝምና ሙሉውን ቀየርኩት።

አቀያየሩ ላይ አትሰስቱ። ክሮቹ በቆርቆሮ የተለበጡ፣ ለጀልባ የሚሸጥ ሽቦ ግዙ፣ ውፍረቱ ከድሮው አይነስ። ቀለበቱን በትክክለኛ መጭመቂያ ጨምቁት፣ በፒንሳ ብቻ የተጨመቀ ዓመት አይቆይም። ውስጡ ሙጫ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አልብሱት፣ ውሃ በክሮቹ መሃል ወደ ውስጥ እንዳይጠጣ። ቡሎኑንም የሚያርፍበትን ብረትም ብርማ እስኪሆን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ። ከታሰረ በኋላ ግሪስ ቀቡት። እኔ እዚያው ያሉትን አራቱንም ሌሎች ሽቦዎች አጸዳሁ። በነገራችን ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ያለምክንያት ይዋዥቅ የነበረው የሙቀት ጌጄም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተስተካከለ፤ ማሳው ያው ነበር። ሽቦውን መልሼ ካሰርኩ በኋላ ያንኑ ልኬት ደገምኩት፦ 0.2 ቮልት። ድራይቩ ሽቅብ ሄደ። ልጄ ጮኸች።

ደስታው ግን አንድ ቀን ነው የቆየው። በማግስቱ ስሞክረው ማውረጃው ይሰራል፣ ማንሻው ግን ዝም። ይህ ከበፊቱ የተለየ ነው፣ “ጠቅ” እንኳ አይልም። ጋዝ መስጫው አጠገብ ሦስት ቁልፍ አለ፦ ማንሻ፣ ማውረጃ እና ለተሳቢ ሲጫን እስከ ጣሪያው የሚያነሳው። የተሳቢውን ስጫን ተነሳ። ይህን ስታዩ ገንዘብ ማውጣት አቁሙ፣ መልሱ እጃችሁ ላይ ነው። ሁለቱም ቁልፎች ያንኑ ሶሌኖይድ ነው የሚያዙት፣ ያንኑ ሞተር ነው የሚያስነሱት። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው፦ የማንሻው መስመር መገደቢያ ስዊች (ድራይቩ ከልክ በላይ እንዳይነሳ የሚቆርጠው) ውስጥ ያልፋል፣ የተሳቢው ግን አያልፍም። ስዊቹ ድራይቩን በያዘው ተሽከርካሪ ቀለበት በግራ በኩል፣ ውጭ፣ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። በቀኝ በኩል ያለው መንትያው ሥራው ሌላ ነው፣ ለጌጁ ቁመቱን የሚነግረው እሱ ነው። ጌጁ ብቻ ካበደባችሁ የቀኙን ጠርጥሩ።

ለማረጋገጥ ከመገደቢያው የሚመጡትን ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ከመጋጠሚያቸው ነቀልኩና በውስጥ በኩል ያሉትን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኘኋቸው። ጀልባዋ ተሳቢ ላይ ናት። ማንሻው ሰራ። ስዊቹ ወይም ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው። ሽቦዎቹ ድራይቩ በተጠማዘዘ ቁጥር አብረው ይታጠፋሉ፣ ሁልጊዜም ውሃ ይነካቸዋል፣ ላስቲካቸው ተሰነጣጥቆ አገኘሁት።

“እንደዚያው አገናኝተኸው ተወው” ያሉኝ አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ያ መገደቢያ የተቀመጠው ጀልባዋ እየሄደች ድራይቩ ግራና ቀኝ ከሚደግፈው ቀለበት አልፎ እንዳይነሳ ነው። ካለፈ የፕሮፔለሩን ጉልበት የሚይዝለት ነገር የለም፣ በፍጥነት ላይ እያላችሁ ማያያዣው ሊሰበር ይችላል። እስኪቀየር ድረስ የተሳቢውን ቁልፍ ተሳቢ ላይ ለመጫን ብቻ ተጠቀሙበት። እኔ ክፍሉን አዝዤ ራሴ ቀየርኩት፣ ሽቦውን ወደ ውስጥ ማሳለፉ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ሌላው ቀላል ነው። ከገጠማችሁት በኋላ በመመሪያው መሠረት እያዞራችሁ የሚቆርጥበትን ነጥብ ማስተካከል አለባችሁ።

“ጠቅ” ሳይል ሲቀር ደግሞ መንገዱ ይህ ነው። ትንሹን መስመር ተከተሉ። መጀመሪያ 20 አምፔሯን ትንሽ ፊውዝ እዩ። የእኔ ላይ የቀድሞው ባለቤት 30 አድርጎባት አገኘሁ፣ ወዲያው መለስኳት፤ ፊውዙ ከሽቦው በላይ ከጠነከረ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ከዚያ ቁልፉ ተጭኖ የሶሌኖይዱን ትንሽ ቡሎን ለኩ። ሜርክሩዘር ላይ ሰማያዊ ላይ ነጭ መስመር ያለው የማንሻው ነው፣ አረንጓዴ ላይ ነጭ ያለው የማውረጃው። 12 ቮልት ከመጣና “ጠቅ” ካላለ ወይ ሶሌኖይዱ ሞቷል ወይ ትንሿ ጥቁር የማሳ ሽቦው ተነቅላለች። ካልመጣ ችግሩ ወደ ቁልፉ በኩል ነው። “ጠቅ” ብሎ ግን በሁለቱ ትልልቅ ቡሎኖቹ መካከል ሲጫን 12 ካያችሁ፣ ያኔ በእርግጥ የሶሌኖይዱ ውስጥ ተቃጥሏል፣ ቀይሩት። ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት።

በዚህ መሃል ከባሕር ዳር የአክስቴ ልጅ ደወለ። ከሰው ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ሁለተኛ እጅ ጀልባ ገዝቶ እንግዶችን ወደ ዘጌ ገዳማት ያመላልሳል። ሞተሩ ከኋላ የሚታሰር ያማሃ ነው፣ እሱም ትሪም አለው። “ጋሼ፣ ሞተሩ አልነሳ ብሎኝ ዳር መጠጋት አቃተኝ፣ ሰው በውሃ ውስጥ ነው የማወርደው” አለኝ። ድምፁ ውስጥ ጭንቀት ነበር፣ የዕለት እንጀራው ነው። መጀመሪያ የነገርኩት ስለ መልቀቂያዋ ነው። እንዲህ ያሉ ሞተሮች ማሰሪያው ጎን ላይ በካቻቪቴ የምትፈታ ጠፍጣፋ ጥርስ ያላት ቡሎን አላቸው። ስትላላ ዘይቱ ይለቃል፣ ሞተሩን በእጅ ማንሳት ይቻላል። ከዚያ መልሶ ማጥበቅ ነው። ይህቺን ቡሎን ጀልባ ያለው ሁሉ ሳይቸግረው በፊት ፈልጎ ማወቅ አለበት።

ከዚያ በቴሌግራም እየተያየን ገባንበት። ያማሃው ላይ ሶሌኖይድ ሳይሆን ያንኑ ሥራ የሚሰራ ሪሌ ነው፣ የትሪም ሞተሩም ሁለት ሽቦ ብቻ አለው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለበጥ ነው አቅጣጫ የሚቀይረው። አስተሳሰቡ ግን ያው ነው። “ሞተሩ ክዳን ጎን ላይ ሌላ ማንሻ ቁልፍ አለ፣ እሱን ተጫን” አልኩት። ተነሳ። ጋዝ መስጫው ላይ ያለውን ሲጫን ግን ምንም የለም። በአንድ ጥያቄ ባትሪው፣ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሞተሩ፣ ማሳው ሁሉ ነጻ ወጡ። የቀረው ከጋዝ መስጫው የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው። እጀታው ወደፊትና ወደኋላ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሽቦው ስሩ ላይ ይታጠፋል፣ እዚያ ነው ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው። ከፈተው፣ ላስቲኩ ደህና ይመስላል፣ ሳብ ሲያደርገው ግን እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ውሃው ጨው የለበትም፣ ጀልባውም የሚሰራው በየቀኑ ነው፣ የበላው ዝገት ሳይሆን መታጠፉ ነው። በሰዓት ውስጥ አስተካክሎ የሞተሩን መነሳት ቪዲዮ ላከልኝ።

ኤሌክትሪክ ያልሆነውንም ለዩት። ሞተሩ በጥሩ ድምፅ እየዞረ ድራይቩ ካልተነሳ ቴስተሩን አስቀምጡና ዘይት እዩ፤ ድራይቩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ እያለ ነው ልኩ የሚታየው። ሁሉም ልኬት ትክክል ሆኖ፣ ሞተሩ በር ላይ 12 ቮልት ማሳውም ንጹህ ሆኖ ካልዞረ ደግሞ የሞተሩን ጀርባ በካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። ያኔ ከተነሳ ካርቦኑ (ሞተሩ ውስጥ ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው) አልቋል ማለት ነው። እውነትም ሞተሩ ነው። አንዳንዶቹ ሞተሮች ውስጣቸው ሲግል ራሱ የሚቆርጥ መከላከያ አላቸው፤ ደጋግማችሁ ከተጫናችሁት በኋላ ዝም ካለ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉት እንጂ ተቃጠለ ብላችሁ አትደንግጡ። ቁልፉን ለቅቃችሁም መዞሩን ካላቆመ ሶሌኖይዱ ተጣብቋል፣ ፈጥናችሁ ከባትሪው ቁረጡት። ለዚህ ነው የባትሪ መቁረጫ ስዊች እጃችሁ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ይሁን የምለው።

የእኔን ወጪ ለምትጠይቁ፦ ሽቦው፣ ቀለበቶቹ፣ ላስቲኩና ግሪሱ 50 ዶላር አልሞሉም። መገደቢያ ስዊቹ ለብቻው ነው። ያለቦታው የገዛኋቸው ሶሌኖይዶች እዛው ላይ ናቸው፣ አሮጌዎቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ለመጠባበቂያ ጀልባዋ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

የፓምፑ ክዳን ውስጥ በማርከር ቁጥሮቹን ጽፌያለሁ፦ ባትሪ 12.6፣ ሞተር በር 12.1፣ ማሳ 0.2፣ ከነቀኑ። ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ከክረምት ስትወጣ ደግሜ ለካሁ፣ ማሳው 0.3 ሆኗል። ገና ብዙ የሚያሰጋ አይደለም። ኅዳር ላይ ለክረምት ስሸፍናት ያንን ቡሎን ፈትቼ አየዋለሁ።